ዴድላይን

ከመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል የምትደውልልኝ ልጅ ትሕትናዋ የሚመሰገን ነው፤ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ብላ፣ የቤተ ሰቡን ጤንነት አንድ በአንድ ጠይቃ፣ ሳሉ ተሽሎኝ እንደ ሆነ ሳይቀር አጣርታ ስታበቃ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ «ዴድላይኑ ዓርብ መሆኑን እንዳይረሱት ብዬ ነው» ትለኛለች። ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ቢለኝ፣ የሚጠበቅብኝን ጽሑፍ ወደ ጎን ትቼ ሥርወ ነገሩን ፍለጋ ገባሁ።

ለካስ የሞት መስመር መባሉ ለማስፈራራት የተነገረ ምሳሌ ሳይሆን እንደ ቃሉ ኖሯል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በ1864 እ.ኤ.አ.፣ የደቡቡ ወገን በጆርጂያ፣ አንደርሰንቪል በተባለ ስፍራ ለምርኮኞች ወኅኒ ሲከፍት፣ ከግንዱ ቅጥር 6 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ችካል ተክሎ ቀጭን እንጨት አጋደመበት፤ ያንን የተሻገረ ሁሉ ከማማው ላይ ይተኮስበታል። በግቢው መካከል የሚያልፈው ጅረት በሰው እድፍ የረከሰ ስለ ነበር፣ ጥቂት ጠራ ያለ ውሃ ሽቶ በእንጨቱ ሥር እጁን የሰደደ ምርኮኛ እንኳ በጥይት ይወድቅ ነበር። ከገቡት 45,000 ያህል ሰዎች 13,000 የሚጠጉት፣ አብዛኞቹ በደዌና በረኃብ፣ በዚያው ቀሩ፤ የግቢው አዛዥ ሄንሪ ዊርዝም በ1865 ዋሽንግተን ላይ ተሰቀለ። ቃሉ ግን ከአዛዡ ይልቅ ዕድሜ አግኝቶ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ በአሜሪካ ጋዜጠኞች ቤት አደረ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራው ጸሐፊን ሆነ።

ይሁን፣ እንፍራ! ደሜን የሚያፈላው መስመሩ ለእኔ ብቻ መሰመሩ ነው። ጽሑፌ አንዲት ቀን ብትዘገይ ስልኩ ፋታ አይሰጠኝም፤ የድካሜ ዋጋ ግን «ሒሳብ ሹሙ ፈቃድ ላይ ናቸው»፣ «አንድ ፊርማ ይቀረዋል»፣ «ለሚመጣው ወር» እየተባለ ከወር ወር ሲንከባለል፣ የሚያግደው ችካል የለ፣ ከማማ ላይ የሚጮኽ ዘብ የለ! ጽሑፍ ቀን አለው፤ ብር ግን ቀን የለውም ያለው የትኛው ሊቅ ነው?

ልጅቱ ምን ታድርግ፤ የታዘዘችውን ነው የምትናገረው። የዳግም ምጽአት ዕለትና ሰዓት ከመላእክት ስንኳ የተሰወረ ሆኖ ሳለ፣ የእኔን ግን ዓርብ 6 ሰዓት ብላ ቆርጣልኛለች። በሐበሻ ከሆነ ቀትር ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ማታ፤ ቃሉ የፈረንጅ ከሆነ ዘንድ ሰዓቱም የፈረንጅ ቢሆን ምን ይለዋል ብዬ ብጠይቃት፣ «አለቃዬን ላማክርና እደውልልዎታለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ።