ደግመህ አስኪደው
የኮድህ ቴስት ወድቆ ቀይ አበራ? አትደንግጥ። ምክንያቱን መፈለግ የጀማሪ ሥራ ነው። አንተ ዝም ብለህ ቴስቱን የሚያስተኛ አንድ መስመር ጨምር፦ «ስሊፕ፣ 5 ሰከንድ»። አረንጓዴ ሆነ? እሰይ! ነገ ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበት ሲንቀራፈፍ ደግሞ 10 ታደርገዋለህ።

እርግጥ 400 ቴስቶች እያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ካንቀላፉ አንድ ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ታዲያ ምን አለበት? ቡናው ያለዚያ መቼ ሊጠጣ ነው?

አንዳንድ ችኩሎች ግን «ሰዓት አትቁጠር፤ የምትፈልገውን ነገር ጠብቅ» ይላሉ። የድረ ገጽ መፈተሻው ሴሊኒየም ላይ የገጹ ቁልፍ ለመጫን ዝግጁ መሆኑን በየግማሽ ሰከንዱ እያየ የሚጠብቅ ትእዛዝ አለ። ቁልፉ ቶሎ ከመጣ ቶሎ ይቀጥላል፤ የሚወድቀው የተሰጠው ገደብ ሲያልቅ ብቻ ነው። ሌላው መፈተሻ ፕሌይራይትማ ይባስ ብሎ ሳይነግሩት ራሱ ይጠብቃል። እንዲህ ከሆነ ለእኛ ምን ሊተርፈን ነው?

እነሱን አትስማ። ቴስቱ እንደገና ከወደቀ መላው የታወቀ ነው፤ ደግመህ አስኪደው። በሦስተኛው ካለፈ አለፈ። ጉግል እንኳ በ2016 ከቴስቶቹ 16 በመቶ ያህሉ ኮዱ ሳይነካ አንዴ የሚያልፉ፣ አንዴ የሚወድቁ መሆናቸውን በአደባባይ ተናግሯል። አንተ ማን ሆነህ ነው የምታፍረው?

ከወደቁት መካከል አንዱ ጥፋቱ የራሱ ሳይሆን የኮዱ ሊሆን ይችላል። ክፍያ ሁለት ጊዜ የሚቆርጠው ስህተትም አንዳንዴ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። እሱን ደንበኛው ያገኝልሃል፤ ያውም ደግሞ ሳያስኬድ፣ በመጀመሪያው።