ምጣድ የታጠቀ ቴሌስኮፕ

በቴሌስኮፕ ላይ ከሚሰኩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ ዕድለኛው የጤዛ ማሞቂያው ነው። ሞተሩ ሲግል «ምን ነካው?» ይባላል፤ ካሜራው ሲግል ምስሉን በነጠብጣብ ስለሚያበላሽ ማቀዝቀዣ ይገጠምለታል፤ ኮምፒውተሩ ሲግል ማራገቢያው ይጮሃል። ማሞቂያው ብቻ የሰጡትን ኤሌክትሪክ ሙልጭ አድርጎ ወደ ሙቀት ይለውጥና ይመሰገናል። ሌላው ጋ ብክነት የሚባለው እሱ ጋ ሲደርስ ሙያ ይሆናል። በማባከን የሚመሰገን ዕቃ ደግሞ ጎረቤት አያስብም። ስለዚህ ክርክሬ ይህ ነው፦ ማሞቂያው ከሞተሩና ከካሜራው ጋር አንድ ባትሪ ቢካፈል ግድ የለም፤ አንድ ገመድ ግን መካፈል የለበትም።

መጀመሪያ ነገር ማሞቂያ ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው ጤዛ እንደ ካፊያ ከላይ የሚወርድ ይመስለዋል። የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ቻርልስ ዌልስ በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን ግምት ውድቅ አድርጎታል። ሰውየው ሌሊት ሜዳ ላይ የሱፍ ጉንጉን እያስቀመጠ ምን ያህል እርጥበት እንደጨመረ ይመዝን፣ የሣሩንም ቅዝቃዜ በቴርሞሜትር ይለካ ነበር። የደረሰበትም፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ዕቃ ሁሉ ሙቀቱን ወደ ላይ እየረጨ ከከበበው አየር ይበልጥ እንደሚቀዘቅዝ፣ የአየሩ እርጥበትም በዚያ በቀዘቀዘ ገላ ላይ ውኃ እንደሚሆን ነው። ደመና ካለ ግን ሙቀቱ ስለሚመለስ ጤዛው ይቀንሳል። እንግዲህ ኮከብ ተመልካቹ የሚመርጠው ሌሊትና ጤዛ የሚመርጠው ሌሊት አንድ ናቸው ማለት ነው። በእኛ ደጋ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ በተከፈተበት፣ መሬቱ ግን ገና ባልደረቀበት በመስከረም ማለቂያና በጥቅምት ሁለቱ ቀጠሮ የያዙ ይመስላሉ። ሽሚት ካሴግሬን የሚባለው ባለ 8 ኢንች ቴሌስኮፕ ደግሞ ስስ የፊት መስታወቱን ከቱቦው አፍ ላይ አድርጎ ሰማይ ለሰማይ ያንጋጥጣል። ጤዛ ራሱ ንድፍ አውጣ ቢባል ከዚህ የተሻለ አያወጣም።

«የድሮዎቹ ያለ ኤሌክትሪክ ያዩ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይተዋል። ከፊት የሚገጠም የጤዛ ከለላ፣ ርዝመቱ የመስታወቱን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል የሆነ ባዶ ቱቦ፣ መስታወቱ የሚያየውን ሰማይ ስለሚያጠብበት ቅዝቃዜውን ያዘገያል። ኤሌክትሪክ ከመሰካቱ በፊት መገጠም ያለበትም እሱ ነው። ነገር ግን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። የፀጉር ማድረቂያውም ወገን አለው፤ በርግጥ ጤዛውን በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ያነሳዋል። ችግሩ፣ መስታወቱ መልሶ ሲቀዘቅዝ ጤዛውም መመለሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፀጉር የሌለው ዕቃ ሲያደርቁ ማደር የሚፈልግ ካለ መብቱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለ8 ኢንች የሚሠራ የማሞቂያ ቀበቶ በ12 ቮልት 1.5 አምፔር ይወስዳል እንበል፤ 18 ዋት መሆኑ ነው። ለዓይን ሌንሱና ለመፈለጊያዋ ትንሿ ቴሌስኮፕ ቀበቶዎች ግማሽ አምፔር እንጨምር። ሞተሩ ከኮከብ ወደ ኮከብ ሲሮጥ 2 አምፔር ቢፈልግ ድምሩ 4 ይሆናል። ይህን ሁሉ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.2 ስኩዌር ሚሊሜትር በሆነ ቀጭን ገመድ እንላከው። መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 4 ሜትር መዳብ ነው፤ 0.35 ኦም ያህል ይቃወማል፤ በዚህም 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው ጋ 12 የነበረው ቴሌስኮፑ ጋ 10.6 ሆኖ ይደርሳል። ማሞቂያው ከሙቀቱ አንድ አምስተኛ ያህል ቢያጣም ምንም አይመስለውም። ሞተሩን የሚመራው ኤሌክትሮኒክስ ግን ጠፍቶ ይነሳል፤ ሲነሳም ወዴት ዞሮ እንደነበር አያውቅምና በኮከብ ማስተካከሉ ሥራ ከሀ ይጀመራል። ነገሩ ምጣድ ሲሰካ አምፖል የሚደበዝዝበትን ቤት ይመስላል፦ እንጀራው በሰላም ይበስላል፣ የሚያጣጥረው ቴሌቪዥኑ ነው። እንዲህ ላለው ቤት የሚጠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምፖል አይቀይርም፤ ለምጣዱ ከብሬከሩ ጀምሮ ለብቻው ወፍራም መስመር ይስባል። እዚህም ያው ነው። ከባትሪው ምሰሶዎች ላይ ለማሞቂያዎቹ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የራሳቸው ገመድ ከነፊዩዙ ቢነሳ የሚጠፋው 0.1 ቮልት አይሞላም፤ ያቺ ቀጭን ገመድም ለሞተሩ ብቻ ስትተው ኪሳራዋ በግማሽ ይወርዳል። ወሳኙ ቅርንጫፉ የሚለይበት ቦታ ነው፤ ቴሌስኮፑ እግር ሥር በዲቫይደር መለየት መስመር መለየት አይደለም።

እዚህ ላይ ብርቱው ተቃውሞ ይነሳል፦ «መቆጣጠሪያ ገጥሜያለሁ፤ 40 በመቶ ላይ ስለሆነ የሚወስደው 0.6 አምፔር ብቻ ነው።» አማካዩ እውነት ነው። መቆጣጠሪያው ግን ቧንቧውን አያጠብም፤ ሙሉ በሙሉ እያበራ ሙሉ በሙሉ ያጠፋል። በበራባት ቅጽበት ያችው 1.5 አምፔር ናት የምትሄደው። ባትሪ የሚያስበው አማካዩን ነው፤ ገመድ የሚያስበው ቅጽበቱን። ስለዚህ በጋራ ገመድ ላይ ቮልቴጁ በእያንዳንዱ ምት ይወርዳል ይወጣል፤ ካሜራም ሲከፋው ይህን በምስሉ ላይ በመስመር መስመር አድርጎ ያሳብቃል። መቆጣጠሪያውን ግን አላንቋሽሽም። ባለ 7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣልና በእጃችን ያለው 3.5 ነው፤ ትልቁ ቀበቶ ብቻውን ሙሉ ከሠራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በ40 በመቶ ግን ወደ ስድስት ሰዓት ያዘልቃል። ለመስታወቱም ይሻለዋል፤ ጤዛ ከሚይዝበት ነጥብ ጥቂት ከፍ ካለ በቂው ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ከፊቱ ያለው አየር መተራመስ ይጀምርና ኮከቡ እንደ ሽሮ ይፈላል።

«ግድግዳ ላይ ሶኬት እያለ ባትሪ ምን ሊፈይድ?» ለሚለውም መልስ አለ። 12 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር ጀርባው ላይ የተጻፈው አምፔር ከድምሩ ከበለጠና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይሁን፤ ባለ 220 ቮልት ማራዘሚያ በጤዛማ ሣር ላይ መጎተት ግን አልደግፍም። የላፕቶፕ አዳፕተር ደግሞ ብዙ ጊዜ 19 ቮልት ነው። ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ስለሚያድግ ያ 18 ዋት ቀበቶ 45 ዋት ይሆናል፤ መስታወት ማሞቁ ቀርቶ ቡና ለመቁላት ይቃጣዋል። በተቃራኒው ባለ 5 ቮልት የስልክ ባትሪ ላይ ቢሰካ 3 ዋት ብቻ ያወጣል፤ ለ5 ቮልት ተብሎ የተሠራ ቀበቶ ካልሆነ የሚያሞቀው ተስፋን ነው። ማሞቂያዎቹ የሚሰኩባቸው ጫፎች ብዙ ጊዜ ከድሮ ስቴሪዮ ጀርባ የምናውቃቸው ቀይና ነጭ ስፒናዎች አምሳያ መሆናቸው የራሱ ጣጣ አለው፤ በጨለማ ሲጎትቷቸው መሐሉና ዙሪያው ሊነካካ ይችላል። ፊዩዙን ባትሪው አጠገብ እንጂ ቴሌስኮፑ አጠገብ የማያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ የሚጠብቀው ገመዱን ነውና።

የቀረው «የእኔ ቴሌስኮፕ ኒውተናዊ ነው፤ የፊት መስታወት የለውም፣ አያገባኝም» የሚለው ነው። ዋናው መስታወቱ ከቱቦው ግርጌ ስለተቀመጠ ቱቦው ራሱ ከለላ ይሆነዋል፤ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ከላይ የተንጠለጠለችው ትንሿ መስታወት ግን ጤዛ ታውቃለች። ለእሷ የሚበቃው ማሞቂያ ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ይቺን ብቻ ከሞተሩ ገመድ ላይ ቢቀጥሏት አልጣላም።