የደላንታን ኦፓል በኃላፊነትና በዘላቂነት ለማውጣት የታወጀ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአድባር የአውጋር ጠላት ይውደም!

በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ ወረዳ፣ ከወገልጤና ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከገደል ወገብ ላይ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ንብርብር ውስጥ ቀስተ ደመና የዋጠ የሚመስል ድንጋይ በ2000 ዓ.ም. በመገኘቱ፤

ድንጋዩ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ታግሦ የጠበቀ ሲሆን፣ የአካባቢው ወጣት ግን እስከ ማግስቱ መታገሥ ባለመቻሉ፤

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ከወጣ በኋላም ገደሉ አዋጁን እንዳላነበበ በተደጋጋሚ በመታየቱ፤

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጎ፣ ወጣቱ ድንጋዩን ፍለጋ የሚቆፍረው ዋሻ ጣሪያ የማን እንደሆነ ግን ሳይናገር በማለፉ፣ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

«ባህላዊ አምራች» ማለት ዶማ፣ መዶሻና መሮ ይዞ፣ በሆዱ እየተሳበ ወደ ገደሉ ውስጥ የሚገባ ወጣት ነው። ሥራው ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ማሽን የሌለው ሁሉ ግን ባህል እንዳለው ይቆጠራል።

«ኃላፊነት» ማለት ዋሻው ሲደረመስ ከሥሩ ያለው ሰው የሚሸከመው ነው። በዚህ አዋጅ ከወረዳ በላይ ላለ አካል አይሠራም።

«ዘላቂ» ማለት ድንጋዩ ቢያልቅም የማያልቅ ነገር ነው። ለምሳሌ ስብሰባ።

አንቀጽ 2፤ ስለ ጥንቃቄ

ማንኛውም አምራች የዋሻውን ጣሪያ በግንድ የመደገፍ ግዴታ አለበት። ዛፍ መቁረጥ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ግንዱን ይገዛል። ለመግዛት ኦፓል መሸጥ አለበት፤ ለመሸጥ መቆፈር፣ ለመቆፈር መግባት፣ ለመግባት ደግሞ ግንድ ያስፈልገዋል። አርቃቂው ኮሚቴ ይህን ክብ ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ለሻይ ወጥቷል።

ከሻይ መልስ የራስ ቁር ጉዳይ ተነሥቷል። የራስ ቁር ማድረግ ግዴታ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፤ የሚያቀርበው ማን ነው የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ አድሯል።

በ2016 ዓ.ም. ወደ ሃያ የሚጠጉ ቆፋሪዎች በደላንታ ዋሻ ተደርምሶባቸው ሳለ፣ ያገሬው ሰው በዶማና በእጁ ሲቆፍር ቀናት ማለፋቸውን ኮሚቴው በኀዘን ያስታውሳል። የሕሊና ጸሎትም አድርጓል። በመሆኑም የነፍስ አድን መሣሪያ አስፈላጊነት እንዲጠና ታዟል። ለአጥኚው ቡድን አበል ይታሰባል፤ ቦታው ገደል ስለሆነ አበሉ ከፍ ይላል። የመሣሪያው በጀት ከአበሉ የሚተርፈው ይሆናል።

አንቀጽ 3፤ ስለ ግብይት

ድንጋዩን የሚያወጣው ወጣት ነው፤ ዋጋውን የሚያወጣው ደላላ ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል እንዳለ ይቀጥላል።

ወጣቶች በማኅበር እንዲደራጁ ይበረታታል። ማኅበሩ ማኅተም፣ ሊቀ መንበርና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰርተፊኬት ይኖረዋል። ሚዛንና የከበሩ ድንጋዮች ዋጋ ዝርዝር ግን ደላላው ዘንድ ስላሉ ድጋሚ መግዛት ብክነት ነው።

በድንጋዩ ላይ እሴት ጨምሮ መላክ ተገቢ በመሆኑ፣ ያልተሠራ ኦፓል ከአገር መውጣቱ በዚህ አዋጅ ክልክል ነው። ይህን ያልሰማ ድንጋይ ሕንድ፣ ጃይፑር ከተማ ደርሶ ተቆርጦና ተሞርዶ ቢገኝ፣ እሴቱ የተጨመረው በሌላ ሰው እጅ ቢሆንም የተጨመረ መሆኑ አይካድም። ደላንታ ላይ የመቁረጫና የማለስለሻ ማሽን ስለማቆም የቀረበ ሐሳብ ነበረ። መብራት ሲመጣ ይታያል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ግልጽነት

የወሎ ኦፓል አንድ ጠባይ አለው። ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ውሃውን ይመጥጥና ቀለሙን ትቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ሲደርቅ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። በማዕድን ዘርፉ ውስጥ በዚህ ፍጥነት ግልጽ የሚሆን ሌላ አካል እስካሁን አልተገኘም።

ሆኖም አገራችን በ2006 ዓ.ም. የማዕድን ገቢን ለሕዝብ ይፋ የሚያደርገውን ዓለም አቀፍ ኢኒሼቲቭ ተቀላቅላለች። ስለዚህ ከኦፓሉ የሚከፈለው ሮያሊቲ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የደላንታ ገበሬ መልሱን በኢንተርኔት፣ በእንግሊዝኛ፣ በሠንጠረዥ ያገኛል።

አንቀጽ 5፤ ስለ አካባቢ ጥበቃ

ገደሉን የቆፈረ ገደሉን ወደ ነበረበት ይመልስ።

አንቀጽ 6፤ ስለ ቅጣት

የተደረመሰ ዋሻ ፈቃዱ ይሰረዛል። ዋሻው ፈቃድ ካልነበረው ውስጡ የነበሩት ሰዎች «ሕገ ወጥ» ተብለው በዜና ይነገራሉ። ፈቃድ ለማውጣት ስንት ቀን ወገልጤና እንደተመላለሱ ግን አይነገርም፤ ዜናው ይረዝማል።

አንቀጽ 7፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በአዲስ አበባ ከታተመበት ቀን ጀምሮ፣ በደላንታ ደግሞ መንገዱ ሲጠገን የጸና ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ፣ የደላንታ ልጆች፣ ይህችን ከአዋጁ ውጭ ስሙን። ክረምት ገብቶ አለቱ ውሃ ሲጠግብ አትግቡ። ብቻችሁን አትግቡ፤ ደጅ ላይ ስንት ሰው እንደገባ የሚያውቅ አንድ ሰው አስቀምጡ። ጣሪያው አፈር ማርገፍ ከጀመረ ድንጋዩን ጥላችሁ ውጡ።