ከጣውላው በታች ላለው ውሃ የሚደረግ መስተንግዶ

ቤትዎ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ቀጨኔ ወይም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተዳፋቱ ላይ ከሆነ ይህ ምክር የተጻፈው ለእርስዎ ነው። ደሴ፣ ጦሳ ግርጌ ያሉም ቢያነቡት አይከስሩም። ቦሌና አቃቂ ሜዳው ላይ የሠሩ ሰዎች የራሳቸው መከራ አላቸው፤ ጥቁሩ አፈር ክረምት እያበጠ በጋ እየተሰነጠቀ ግድግዳቸውን ይቀድድባቸዋል። የእኛ የተዳፋት ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ በእንግድነት ይመጣል፤ እኛም ባህላችን ነውና እናስተናግደዋለን።

በድሮው አሠራር ተዳፋት ላይ ቤት ሲቆም ወለሉ በላይኛው በኩል መሬቱን ሊነካ ይደርሳል፣ በታችኛው በኩል በድንጋይ መሠረት ከፍ ይላል። በመሠረቱ ላይ አግዳሚ ተጋድሞ ጣውላ ይመታበታል። ከጣውላው ሥር የሚቀረው ባዶ ቦታ በላይኛው ጥግ ድመት አጎንብሳ የምታልፍበት፣ በታችኛው ደግሞ ልጅ ቆሞ የሚሄድበት ነው። ከሰል፣ ያረጀ ጎማ፣ የዶሮ ቆጥ፣ «አንድ ቀን ይፈለጋል» የተባለ በር ይከማችበታል። አባቶች በቆጠሩት መሠረት ሰኔ 26 ክረምት ሲገባ ደግሞ እንግዳው ይገባበታል።

እንግዳውን ለማቆየት ዋናው ደንብ ወደ ታች አለመውረድ ነው። ባትሪ ይዘው የወረዱ እንደሆነ ደስ የማይል ነገር ያያሉ። ድንጋዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ተጋግሮ ያገኙታል፤ ውሃው ሲተን ጥሎት የሄደ ነውና እስከየት እንደወጣ ይመሰክራል። በካቻቢቴ ጫፍ አግዳሚውን ወጋ ቢያደርጉት ጤነኛው እንጨት አላስገባም ይላል፤ የበሰበሰው እስከ እጀታው ይውጠዋል። እንጨት በውስጡ የያዘው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ የሚያበሰብሰው ፈንገስ አይደፍረውም። እዚያ ታች በነሐሴ ስንት እንደሚደርስ ማወቅ ምን ይጠቅምዎታል? ከላይ ሆነው ጣውላው ሲረገጥ ቢያረግድ «የጥንት እንጨት ነው፣ ይለመጣል» ይበሉ። ሰምቶ የሚከራከር አይኖርም።

ቀጥሎ ትንፋሽ ይንፈጉ። የጥንት ግንበኞች ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ መሠረቱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ይተዉ ነበር። አይጥና ብርድ ይገባል ብለው በጭቃና በጆንያ ይድፈኗቸው። (ወንፊት ሽቦ ቢመቱበት አይጡ ይቀራል፣ ነፋሱም ይገባል፤ ግን እንዲህ ያለ መሐል ሰፋሪነት ለእንግዳው ክብር አይመጥንም።) ከላይ ደግሞ ጣውላውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ፕላስቲክ ምንጣፍ ያልብሱት። ከሥር የሚመጣው እርጥበት በጣውላው በኩል አልፎ ሊተን ሲል ፕላስቲኩ ይይዘዋል፤ ጣውላው ከሆዱ ይበሰብሳል፣ የምንጣፉ አበባ ግን እንዳማረበት ይኖራል። ለበዓል ቄጠማ የሚጎዘጎዘው በላዩ ላይ ነው፤ ከሥሩ የሚበቅለውን ማንም አያይም። የፕላስቲክ ቦታው ጣውላው ላይ ሳይሆን ታች አፈሩ ላይ ነው ብለው የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ። ደረቅ የሚመስል አፈር እንኳ ቀን ከሌት እርጥበት ስለሚተፋ፣ ውፍረቱ ከ0.15 ሚሊ ሜትር የማያንስ ፕላስቲክ ጫፍና ጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተደራርቦ ይነጠፍበት ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሆኖም አፈር ላይ የተነጠፈ ፕላስቲክ አበባ የለውም፣ ለጠያቂ ዘመድም አይታይም።

አሁን ለልቤ ወደሚቀርበው ወደ ልስን ልምጣ። ግድግዳ በረጠበ ቁጥር በሲሚንቶ መለሰን አገር አቀፍ መድኃኒታችን ነው፤ እኔም አጥብቄ እመክራለሁ። ከውስጥ በኩል ያስለስኑ። ውሃው ከላይኛው አፈር ውስጥ ሆኖ ድንጋዩን እየገፋ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከውስጥ የተለጠፈውን ልስን ከኋላው እየገፈተረ ለመስከረም ያወርደዋል። ያን ጊዜ ግንበኛው ይመለሳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ «ሲሚንቶው ነው እንጂ ሥራው እንከን የለውም» ይላል፣ ይለስናል። ካትራም ልቀባ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎትም ከውስጥ ይቅቡት። ከውጭ፣ አፈሩን የሚነካው ፊት ላይ ከተቀባ ውሃው ራሱ ካትራሙን ከድንጋዩ ጋር እያጣበቀ ይገፋዋል፤ ይህ እንግዳን በገዛ ጉልበቱ እንደማሰር ነውና ነውር ነው። ደግሞም ለዚያ ሲባል መሠረቱ ድረስ መቆፈር አለ፤ ዶማ ያለው ሰው ደግሞ ቀጠሮ አለበት።

ግድግዳዎ የጭቃ ከሆነማ ሲሚንቶው ድርብ ይሠራል። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተፋል፤ ሲሚንቶ ሲታሸግበት መትፋቱ ይቀራል። ውስጥ ያሉት የባሕር ዛፍ ቋሚዎችና ማገሮች እርጥበት ውስጥ ተዘፍቀው ይከርማሉ፤ ምስጥም ብርሃን የሌለበት፣ ለስላሳና እርጥብ ቦታ ስትፈልግ አድራሻዎን ታገኛለች። አባትዎ የቋሚውን ግርጌ የተቃጠለ ዘይት ቀብተው ከሆነ የምስጧን መምጣት ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም።

እንግዳው ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን የሚጠይቅ ልጅ ቢነሳ ወደ ጣሪያው አያሳዩት። አዲስ አበባ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት የሚወርድ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ይሆናል። ቆርቆሮዎ 80 ካሬ ሜትር ከሆነ ዓመቱን 96000 ሊትር ይቀበላል ማለት ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 4800። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እየጠበቁ፣ ሌሊት ተነስተው ባልዲ እየደረደሩ፣ ይህን ሁሉ ጀሪካን በገዛ እጅዎ ከራስዎ ወለል ሥር ማፍሰስ ጥበብ ይጠይቃል፤ ጥበቡም ቀላል ነው። አሸንዳውን በላይኛው ማዕዘን ላይ፣ ከመሠረቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ያስቁሙት። ቱቦ ቀጥለው ወደ ታችኛው በኩል አይውሰዱት፤ በርሜል ሥር አይደቅኑበት። ከግድግዳው እስከ 3 ሜትር ድረስ መሬቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዝቅ ማለት አለበት የሚለውን ወሬ ንቀው፣ በላይኛው በኩል የአበባ መደብ ይሥሩና አፈሩን ወደ ግድግዳው ያዘንብሉት። ጽጌረዳው ያምርበታል።

አንድ ጠላት ግን አለ፤ እንዲጠነቀቁ ልንገርዎ። ከቤቱ በላይኛው በኩል፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከጣውላው ሥር ካለው አፈር ዝቅ እስኪል የሚቆፈር ቦይ ነው። ታችው ላይ የተበሳ ቱቦ ይተኛል፣ በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ በቤቱ ጎን ዞሮ ወደ ታች ያወጣል። ዙሪያው በጠጠር ይሞላል፤ ጠጠሩም በጭቃ እንዳይደፈን ውሃ በሚያሳልፍ ጨርቅ ይጠቀለላል። የቱቦው ቀዳዳ ወደ ታች መዞር አለበት። ይህ ቦይ ከተቆፈረ ከላይ ሰርጎ የሚመጣው ውሃ ቤቱ ሳይደርስ ይያዛል፤ ልስኑ ሁሉ የከሸፈበትን ሥራ ጠጠር ይሠራዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ቀዳዳውን ወደ ሰማይ አዙሮ ቢቀብረው፣ ዝም ብለው ሒሳቡን ይክፈሉት።

ደግነቱ ቦዩን የሚያስቀሩልዎ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። ከላይ ያለው የልብስ እጣቢውን ወደ እርስዎ ይለቃል፤ ከታች ያለው እርስዎ የሚያወጡት ቱቦ በሩ ላይ እንዳያፈስበት ይፈራል። ሦስታችሁ ብትስማሙ አንድ ቦይ ለሦስት ቤት ይበቃል፣ ወጪውም ይካፈላል። በአንድ እድር ድንኳን ሥር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ስንት ጊዜ ንፍሮ ስትበሉ ይህን ጉዳይ አለማንሳታችሁ የጨዋነታችሁ ምልክት ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የጸና ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ከሆነ ወዲህ ተከራይ «የእኔ አይደለም»፣ አከራይ «በጀት የለም» እያለ፣ በቤቱ ላይ ቋሚ መብት ያገኘው ውሃው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልዱን ልተው። ከቤትዎ በላይ አፈር የተሸከመ የድጋፍ ግንብ ካለ፣ ግንቡ ላይ የተተዉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች «ግንቡን ያበላሹታል» ተብለው በሲሚንቶ ተደፍነው ከሆነ፣ ዛሬውኑ ያስከፍቷቸው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ቶን ይመዝናል፤ መውጫ ሲያጣ ግንቡን ይገፋል። ግንቡ ከሆዱ ካበጠ፣ ከላይ መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፉ ወይም አጥሩ ወደ ታች ካዘመመ፣ የማይያዝ የነበረ በር በድንገት አልዘጋ ካለ፣ ልጆቹን ሌላ ቦታ ያሳድሩና መሐንዲስ ይጥሩ።

ወደ ምክሬ ልመለስና ስለ ወቅት ልናገር። ግንበኛ የሚጠራው በሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጭቃው ጉልበት ሲደርስ፣ የተቆፈረው ቦይ እዚያው ሲናድ፣ ልስን አልደርቅ ሲል፣ ባለሙያውም አሥር ቤት ተጠርቶ ዋጋውን ሲቆልል። በጥር አፈሩ ደረቅ ነው፣ ጠጠር የጫነ መኪና ዳገቱን ሳይንሸራተት ይወጣል፣ ግንበኛውም ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል። ስለዚህ በጥር አይደውሉለት።