«ፓይለት ሆንክ አሉ!»

ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ተሳቢዎች ተራ ሲጠብቁ፣ ጀበናው ዙሪያ ተረብ ይደራል። ሰሞኑን የተያዘው አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ሐኪም «ስሊፕ አፕኒያ አለብህ» ብሎት፣ ማታ ማታ ሲፓፕ የሚባለውን ማሽን ለኩሶ ማስክ አፍንጫው ላይ አስሮ ይተኛል። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ አይቶት ወሬውን በተነው። እኔ ከሹፌሩ ወገን ነኝ፤ መልሶቹን ማስክ የታዘዘለት ሁሉ ይያዛቸው።

«ፓይለት ሆንክ አሉ!»

«ፓይለትማ ረዳት አብራሪ አለው። እኔ 400 ኩንታል ጭኜ አዋሽ ላይ ባንቀላፋ መሪውን አንተ ትይዝልኛለህ?»

«አባቶቻችንም ሲያንኮራፉ ነው የኖሩት፤ ማን ማስክ አሰረላቸው?»

«አባትህ በበቅሎ ነበር የሚሄዱት። በቅሎ ጋላቢዋ ቢያንቀላፋም ገደል አትገባም፤ ተሳቢ ግን ይገባል።»

ማንኮራፋት ብቻ ቢሆንማ ሰፈሩ ይችለው ነበር። የሚያስፈራው ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል ነው። ጉሮሮ ይዘጋል፤ ትንፋሽ 10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆማል፤ አንጎል ደንግጦ ያባንነዋል፤ ሰውየው መባነኑን እንኳ ሳያውቅ እንደገና ይተኛል። ትንፋሹ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተስተጓጎለ ከባድ ይባላል፤ በየሁለት ደቂቃው መታነቅ ማለት ነው። እንዲህ ያደረ ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛም ደክሞት ይነሳል፤ ደም ግፊትም ይከተለዋል።

«ዱካክ ነው የሚጫንህ፣ ጸበል ሂድ!»

«ጸበሉን መቼ ተውኩ? ጸበል የጠጣ አይተንፍስ ያለህ ቄስ ማን ነው?»

«ኦክስጅን ላይ ከወጣህማ አበቃልህ!»

ይህቺን ኮቪድ ነው ያስተማረችን። «ኦክስጅን አይደለም» አለ ሹፌሩ፤ «አንተ የምትስበውን አየር ነው በግፊት የሚልክልኝ።» እውነቱን ነው። ግፊቱ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከፍቶ ይይዘዋል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሲድኒ ውስጥ ኮሊን ሰሊቫንና ባልደረቦቹ በ5 ሕሙማን ላይ ሞክረው በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሕክምና ነው።

ባለቤቱም አልማረችውም። «ሰው ነው ያገባሁት ኮምፕሬሰር?»

«የኔ እመቤት፣ ሌሊት ጭር ስልብሽ ‹ሞተብኝ› ብለሽ የምትነቀንቂኝ አንቺ አልነበርሽም?» ዝም አለች። ከሐኪሙ በፊት በሽታውን ያወቀችው እሷ ናት።

አስቸጋሪው መልመዱ ነው። ማስኩ አየር ሲያፈስ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ቀበቶውን ሊያጠብቅ ነው። ረዳቱም ለማገዝ ብሎ «ጋሼ፣ ልወጥርልህ?» አለ።

«የጭነት ሸራ አደረግከኝ? ይሄ በወጠርከው ቁጥር ያፈስሳል።»

ልክ ነው፤ ሲጠብቅ ጎማው ይጣመማል፣ የአፍንጫን አጥንት ያቆስላል። ማሽኑ እየሠራ፣ በጀርባ ተኝቶ፣ ላላ እያደረጉ ነው የሚስተካከለው። ትንፋሽ የሚያፍነው ቀን ቀን ቴሌቪዥን እያየ ማስኩን ያድርግ፤ ፊት ሲለምደው ሌሊቱ ይቀላል። ግፊቱ ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምርበት ቁልፍም አለ፣ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ፊት የሚነካውን ጎማ በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ማጠብ ነው፤ ወዝ ካለበት ይንሸራተታል።

ለጉሮሮ ድርቀት የውኃ ማጠራቀሚያ አለው። ተረበኛ መች ያልፈዋል፤ «የባትሪ ውኃ ጨምርበት!»

«ባትሪ አይተነፍስም፣ እኔ እተነፍሳለሁ።»

ዲስትልድ ውኃ ነው የሚፈልገው። የቧንቧውን ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረውን ማዕድን አያወጣም።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ማስኩን አወልቅና በጎኔ እተኛለሁ። መብራት ስለሚጠፋ አምፖል መግዛት ትተሃል?»

በጎን መተኛት ብዙዎችን ያግዛል፤ ማስኩን ግን አይተካም።

የመጨረሻዋ ተረብ መርዝ ነበረባት። «ባለ ንብረቱ ከሰማ ቁልፉን ይቀበልሃል!»

«ፍሬን ያሠራ መኪና ይባረራል እንዴ? ባለ ንብረቱ መፈለግ ያለበት ሌሊቱን እየታነቀ አድሮ፣ ጠዋት ጫት ቅሞ ነቃሁ የሚለውን ነው። እሱ አሁን እዚሁ ተቀምጦ በእኔ ይስቃል።»