ውሃ ምን ይከፍላል?

ያክስቴ ልጅ አርባ ምንጭ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ሃይድሮሎጂን አንደኛ ምርጫዋ ማድረጓ ከተሰማ ወዲህ፣ ከሚሴ ላይ ቡና በተፈላ ቁጥር ተረቡ አብሮ ይቀርባል። እሷ ዝምተኛ ናት። እኔ ደግሞ አይደለሁም።

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ውሃ ምን ይከፍላል?» አሏት ጎረቤታችን ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ።

ጋሼ፣ ውሃማ ራሱ ይከፈላል! ኩታበር በኩል ባለው ሸንተረር ላይ ሁለት ጠብታ ጎን ለጎን ቢወድቁ፣ አንዷ በበሽሎ ዓባይን ተከትላ ሜዲትራኒያን ትገባለች። ሌላዋ በቦርከና ወርዳ፣ በደጃችን አልፋ፣ አዋሽን ተቀላቅላ፣ ባሕር ሳታይ አቤ ሐይቅ ላይ ትቀራለች። ይህች ልጅ የምትማረው ያ ክፍፍል የት እንደሚጀመርና ለማን ስንት እንደሚደርሰው ነው። ጨፋ ረግረግ ላይ የሚግጡት ላሞችዎ ድርሻቸው የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው።

«ጎርፍ እንደሁ ሳይማሩትም ይመጣል!» አለ ሌላው።

ሳንማር ስለሚመጣብን ነው እኮ የምትማረው! አንድ ሄክታር ላይ የጣለ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 50 በርሜል ውሃ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊሜትር ቢጥል፣ 100 ሄክታር ተዳፋት ላይ 100 ሺህ በርሜል ተደፋ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ይሰርጋል? ስንቱ ይወርዳል? በስንት ደቂቃ ሰፈር ይደርሳል? ቁጥቋጦ የለበሰ ተዳፋትና የተራቆተ ተዳፋት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። እርከኑና ክትሩ የት እንደሚሠራ፣ አስፋልቱ ሥር የሚቀበረው ቱቦ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወሰነው በዚህ ስሌት ነው። የጠበበ ቱቦ ያቆመውን ውሃ ደግሞ ቤቱ የገባበት ሰው ያውቀዋል። በአፋን ኦሮሞ ሎላ ጦርነት ነው፤ የመጨረሻዋን ድምፅ ሳብ ሲያደርጓት ጎርፍ ይሆናል። ለጦርነቱ ቃፊር የሚልክ አገር ለጎርፉስ ምነው ቃፊር ይነፍጋል?

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!»

ማይባር ሂድና ጠይቅ። ከደሴ በስተደቡብ፣ ውሃው ወደ ቦርከና በሚወርድ 113 ሄክታር ገደማ በሆነ ተፋሰስ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዝናቡን፣ ወራጁንና ደለሉን መለካት ጀመረ። ከእርሻችን ስንት አፈር እንደሚታጠብ በግምት ሳይሆን በቁጥር መናገር የቻልነው እዚያና በሌሎቹ ጣቢያዎቹ ውሃው ስለተወቀጠ ነው።

«ተመርቃ የውሃ ሽታ ሆና ትቀራለች» ያለችው ግን የገዛ አክስቴ ስለሆነች ለሷ ረጋ ብዬ ነው የመለስኩት። አብሽሪ አክስቴ። የወረዳ ደመወዝ ትልቅ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ሥራው ግን ሞልቷል። ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አለ፣ የአዋሽ ተፋሰስ ጽሕፈት ቤት አለ፣ የክልሉ ውሃ ቢሮ፣ ሚቲዮሮሎጂ፣ መስኖና ግድብ የሚነድፉ ድርጅቶች አሉ። ልማር ካለች ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮርኔል ጋር በተፋሰስ አያያዝና ሃይድሮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተማረበት ቤት ነው።

እኔ ግን እዚሁ ብትመለስልኝ እወዳለሁ። ቦርከና ፋብሪካ በበዛበት በኮምቦልቻ አልፎ ነው እኛ ዘንድ የሚደርስ፤ በጠርሙስ ቀድቶ የሚመረምር ሰው ያስፈልገዋል። በበጋ ጨፋ ላይ የአፋርም የኦሮሞም ከብት ይሰማራል፤ ከላይ ለመስኖ ስንት ቢጠለፍ ረግረጉ እንደማይደርቅ በቁጥር የሚያሳይ ሰው ሽማግሌዎቹን ያግዛል። ደግሞ የብዙ ወንዞቻችን ልኬት የሚጀምረው ውሃ ዳር የቆመ ሰሌዳ ጧትና ማታ ከሚያነብ ሰው ነው። ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ካለፈ መዝገቡ አያየውም። በጎደለ መዝገብ ድልድይ እንሠራለን! ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አክስቴ ዝም አለች። ጋሼ ግን ሁለተኛውን ስኒ ተቀብለው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «እንግዲያው የኔ ጉድጓድ በልግ የቀረ ዓመት ለምን ቀድሞ ይነጥፋል?»

«በየሳምንቱ፣ ገና ሳይቀዳ ጧት፣ በገመድ ጥልቀቱን እየለኩ ይጻፉልኝ» አለቻቸው፤ ያን ቀን የተናገረችው ይህንኑ ብቻ ነው። «ስመለስ አብረን እናየዋለን።»

ጋሼ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ደብተርና ገመድ እንዲያመጣ ላኩት።