ስም ነው ደብዳቤ?

ለንደን፣ ፔካም። ጓደኛዬ ካሳሁን ከመስታወቱ ጥግ የተለጠፈውን የፀጉር ቆራጩን ስም ተንተባትቦ አነበበና «ይሄ ስም ነው ደብዳቤ?» አለ።

«ደብዳቤ ነው» አለ ናይጄሪያዊው ዮሩባ። «ባባቱንዴ፤ ‘አባት ተመልሶ መጣ’። አያቴ ካረፉ በኋላ ስለተወለድኩ።»

«እና ስታጠፋ አያትህን ነበር የሚገርፉት?»

«ደፍሮ ማን ይገርፋል!»

መሳቢያው ላይ የሁለት ሕፃናት ፎቶ አለ፤ መንትያ ልጆቹ፣ ታይዎና ኬሂንዴ። ይህን ስም ወላጅ አይመርጠውም፤ ልጆቹ ከሰማይ ይዘውት ይመጣሉ ይላሉ።

«ታላቁ የቱ ነው?»

«ኋላ የወጣው፣ ኬሂንዴ።»

«እናንተ ጋ ቆጠራም ወደኋላ ነው?»

«ታይዎ ‘ዓለምን ቀመሰ’ ማለት ነው። ኬሂንዴ ‘ውጣና ቅመሳት’ ብሎ የላከው ነው። እናንተ ቤት ታናሽ ነው ታላቅን የሚልከው?»

ሱቅ እየተላከ ያደገው የመጨረሻ ልጅ ካሳሁን ዝም አለ።

ባባቱንዴ ማሽኑን አጥፍቶ ስለ ሌሎች ስሞች ያወራልን ጀመር። ልጅ እየተወለደ እየሞተ ሲያስቸግር፣ ያው አንዱ ልጅ ነው የሚመላለሰው ይባላል፤ ‘አቢኩ’ ይሉታል። ስሙም ልመና ነው፤ ማሎሞ፣ ‘ዳግመኛ አትሂድ’። ዱሮጃዬ፣ ‘ቆይና ዓለምህን ቅጭ’። ልመናው አልሰማ ሲል ደግሞ ማስፈራሪያ አለ፤ ኮሶኮ፣ ‘ዶማ የለም’። ብትሞት መቃብርህን የምንቆፍርበት የለንም ማለታቸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሌጎስን የገዛ አንድ ንጉሥም ይኸው ስም ነበረው።

«ጎረቤት ዶማ ቢያውስስ?»

«ጎረቤቱም ኮሶኮ ነው።»

ባባቱንዴ ስም የሚወጣው ልጅ በተወለደ በ8ኛው ቀን ማር እያቀመሱት ነው ሲለው ካሳሁን «ለኮሶኮስ ኮሶ ነበር ማቅመስ» አለ። በእንግሊዝኛ ስላልሄደለት ቀልዱ ለእኔና ለእሱ ብቻ ቀረ።

ስፒከሩ የናይጄሪያዊውን ሙዚቀኛ የፌላን ዘፈን ያምባርቃል። ፌላ ‘ራንሰም’ የሚለውን የእንግሊዝ ስም ጥሎ ‘አኒኩላፖ’ ተባለ፤ ሞትን በከረጢቱ የያዘ።

«ታዲያ በ1997 እ.ኤ.አ. ምን ገደለው?»

«ከረጢት ያልቃል። ያንተስ ስም ምን ማለት ነው?»

«ካሳ ሁን። ከእኔ በፊት ለሞተው ወንድሜ።»

ባባቱንዴ ጨርቁን ከካሳሁን አንገት ፈትቶ አራገፈ። «ካሳ ከሆንክማ ክፈላ! 15 ፓውንድ ለፀጉሩ፤ ስሜን ስታነብ በጆሮዬ ላይ ላደረስከው ጉዳት ደግሞ ሌላ 5።»